ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አውቶማቲክ ፍተሻ፤ የሚከሽፍበት ምክንያትና መከላከያው

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን ትክክለኛነት በአውቶማቲክ ዘዴ ለመፈተሽ የሚጀመሩ ሥራዎች ብዙ ጊዜ ለምን ሳይሳኩ እንደሚቀሩ መግለጽና፣ ጥፋቱን አስቀድሞ ለመከላከል ይቻል ዘንድ ከሥራ ላይ ያገኘነውን ትምህርት ለጓደኞቻችንና ለመምህሮቻችን ማቅረብ ነው።

ነገሩን የምናየው በምዕራብ ጎጃም በደጋ ዳሞት ወረዳ ከተማ በፈረስ ቤት ከሠራነው አንድ አነስተኛ ሥራ ተነሥተን ነው። ከእኛ መካከል አንዳንዶቻችን የዚያው አገር ተወላጆች ስንሆን፣ የቀረነው ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የመጣን ነን። በፈረስ ቤት የሚገኝ አንድ የገበሬዎች የቁጠባና ብድር ማኅበር የአባሎቹን ሒሳብ የሚይዘው በአንድ ትልቅ መዝገብና በየአባሉ እጅ ባለ ደብተር ነበር። በአንድ የክረምት ዕረፍት ጊዜ ሒሳቡን በኮምፒዩተር የሚይዝ ፕሮግራም ጽፈን ሰጠን፤ ፕሮግራሙንም የሚፈትሽ አውቶማቲክ ፍተሻ አብረን አዘጋጀን። ፕሮግራሙ ከብዙ እርማት በኋላ ሥራውን ቀጥሏል፤ ፍተሻው ግን ዓመት ሳይሞላው ከሸፈ። ጥፋቱ የራሳችን እንጂ የማኅበሩ አይደለም።

1ኛ/ የጉዳዩ ክብደት

ፍተሻ የፕሮግራም ጸሐፊዎች የውስጥ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ በአገራችን የሆነውን አንድ ነገር ማስታወስ ይበቃል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በደረሰ ብልሽት ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ለማውጣትና ወደ ሌላ ለማስተላለፍ ቻሉ። ብልሽቱ ከተለመደ የሥርዓት ማሻሻያና የቁጥጥር ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ ከውጭ የተሰነዘረ ጥቃት እንዳልነበረ ተገልጿል። ባንኩ ከዚያ በኋላ እንዳስታወቀው ያለ አግባብ የተወሰደው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። አብዛኛው በቀናት ውስጥ ቢመለስም፣ ገንዘቡን ካወጡት መካከል ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንደ ነበሩ በይፋ ተነግሯል፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ማስታወቂያ አውጥተዋል። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ለተማሪዎች ባዕድ አይደለም።

ይህን የምናነሣው ትልቁንና ትንሹን ለማወዳደር ሳይሆን አንድ እውነት ለማሳየት ነው። በመዝገብ የሚሠራ ጸሐፊ ቢሳሳት የሚሳሳተው በአንድ ሰው ሒሳብ ላይ ነው፤ ፕሮግራም ግን በአንድ ሌሊት ቢለወጥ ስሕተቱ ሳይነጋ ለሁሉም ይዳረሳል። ቴሌብር ከግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ የገጠሩም ሰው ገንዘብ በፕሮግራም እጅ እየገባ ሄዷል። ገብሱንና ድንቹን ሸጦ ብድሩን የሚከፍል የደጋ ዳሞት ገበሬ፣ ወይም በርበሬውን ለገበያ የሚያወጣ የቡሬ ገበሬ፣ ገንዘቡ በትክክል መቆጠሩን በዓይኑ የሚያይበት መንገድ እየጠበበ ነው። እርሱ ሊያየው የማይችለውን ማየት የፈታሹ ግዴታ ይሆናል።

2ኛ/ የአውቶማቲክ ፍተሻ ምንነት

ፍተሻ ማለት ለፕሮግራሙ አንድ ጥያቄ ሰጥቶ፣ የሚመልሰውን መልስ አስቀድሞ ከታወቀው ትክክለኛ መልስ ጋር ማመሳከር ነው። ለምሳሌ አንድ አባል 6,000 ብር በዓመት 12 በመቶ ወለድ ለ9 ወር ቢበደር፣ በተራ የወለድ አቆጣጠር ወለዱ 540 ብር፣ ጠቅላላ ዕዳው 6,540 ብር ነው። ይህን በእጃችን አስልተን ካወቅን በኋላ ፕሮግራሙን እንጠይቀዋለን፤ 6,540 ካለ አለፈ፣ ሌላ ካለ ወደቀ እንላለን።

ይህን የማመሳከር ሥራ ሰው ሲሠራው የእጅ ፍተሻ ይባላል። በሰው ፈንታ የሚያመሳክር ሁለተኛ ፕሮግራም ሲጻፍለት ደግሞ አውቶማቲክ ፍተሻ ይሆናል። ጥቅሙ የሚታየው ፕሮግራሙ በሚሻሻልበት ጊዜ ነው። የወለዱን ስሌት ሲያሻሽሉ የቅጣቱ ስሌት ሊበላሽ ይችላል፤ የደረሰኙን መልክ ሲለውጡ የአባሉ ስም ሊቆረጥ ይችላል። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ መቶ ዓይነት ጥያቄ እንደገና መጠየቅ ሰውን ያሰለቻል፤ የሰለቸ ሰው ደግሞ ይዘላል። ኮምፒዩተር ግን አይሰለችም። ስለዚህም ዘዴው በዓለም ላይ በሰፊው ተሠራጨ፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ የፕሮግራምን ትንንሽ ክፍሎች ለመፈተሽ የሚረዳውን ጄዩኒትን፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ጄሰን ሀጊንስ የድረ ገጽን ስክሪን እንደ ሰው እየነካ የሚፈትሸውን ሴሌኒየምን ሠሩ።

ከዚህ ላይ አንባቢው ልብ እንዲል የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ የሚደግመው ማመሳከሩን ብቻ ነው፤ ትክክለኛው መልስ የትኛው እንደ ሆነ ከሰው ካልተነገረው አያውቅም። በገበያ እህል የሚሰፍር ሰው ቁናው ጎደሎ ከሆነ፣ ፈጥኖ በሰፈረ መጠን ጉድለቱን ያበዛዋል እንጂ አያቃናውም። የአውቶማቲክ ፍተሻ ሥራዎች የሚከሽፉበት ዋናው ምክንያት፣ በእኛ አስተያየት፣ ቁናውን ሳያስተካክሉ ስለ መስፈሪያው ፍጥነት መጨነቅ ነው። ሌሎቹ ምክንያቶች ሁሉ በዚህ ሥር ይጠቃለላሉ።

3ኛ/ በፈረስ ቤት የሆነው

ሥራውን ስንጀምር በመጀመሪያ የመረጥነው መሣሪያውን ነበር። የመረጥነውም የሰውን አነካክ በስክሪን ላይ ቀድቶ የሚደግም ዓይነት መሣሪያ ነው። አንዳችን ተቀምጠን አባል እንመዘግባለን፣ ብድር እንሰጣለን፣ ክፍያ እንቀበላለን፤ መሣሪያው ያንን ቀድቶ ሌሊት ሌሊት ይደግመዋል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ብዙ ፍተሻ ተጠራቀመ። ጠዋት ጠዋት በአረንጓዴ የተሞላውን ዝርዝር ስናይ ደስ ይለን ነበር፤ የፍተሻውን ብዛትም እንደ ሥራችን መለኪያ ቆጠርነው።

ከዚያ በኋላ የማኅበሩ ጸሐፊ በአንድ ቁልፍ ላይ «አስገባ» የሚለው ቃል «መዝግብ» ተብሎ እንዲለወጥ ጠየቀን። ቃሉን በለወጥን ማግሥት በዚያ ቁልፍ የሚያልፈው ፍተሻ ሁሉ ወደቀ። ፕሮግራሙ ምንም ጉድለት አልነበረበትም፤ የወደቀው ፍተሻው ራሱ ነው። እርሱን ስናስተካክል ደግሞ ኔትዎርክ ሲዘገይ ዛሬ የወደቀው ነገ የሚያልፍ፣ ነገ ያለፈው ከነገ ወዲያ የሚወድቅ ፍተሻ በዛብን። የትምህርቱ ዘመን ተጀምሮ ፈተናም ስለ ደረሰብን፣ ቀይ ምልክት ባየን ጊዜ «ኔትዎርኩ ነው» ብሎ ማለፍ ልማድ ሆነ።

በዚህ ሁኔታ ሳለን ዓመቱ አለቀ። አንዲት ባልቴት የመጨረሻውን የብድር ክፍያ ጳጉሜ 4 ቀን አምጥታ ከፈለች። ፕሮግራማችን ግን ወርን ከ12 በላይ አይቀበልም ነበር። ረዳት ሆኖ የሚመዘግበው ልጅ ቢቸግረው ቀኑን መስከረም 1 ብሎ አስገባው። ፕሮግራሙም ክፍያው ጊዜው ካለፈ በኋላ የተደረገ መሆኑን ቆጥሮ ቅጣት ጨመረባት። ባልቴቲቱ ይህን በሰማች ጊዜ ደብተሯን ዘርግታ ለጸሐፊው፣ «ልጄ፣ ዕዳ ይዤ ዘመን እንዳልሻገር ብዬ በጳጉሜ ያመጣሁትን፣ ምነው በመስከረም ነው የከፈልሽው ትሉኛላችሁ?» አለችው። ጸሐፊው በኮምፒዩተሩ ላይ ሙሉ እምነት ስላላሳደረ ጎን ለጎን መዝገቡን መጻፍ አልተወም ነበር። መዝገቡን ገልጦ ጳጉሜ 4 የሚለውን አገኘ፤ ቅጣቱም ተሰረዘላት።

ጸሐፊው በዚሁ ተነሥቶ መዝገቡን ከኮምፒዩተሩ ጋር ሲያስተያይ ሁለተኛ ጉድለት ተገኘ። መብራት በድንገት በጠፋባቸው ቀናት አንዳንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። መዝጋቢው መብራት ሲመለስ የመጀመሪያው ምዝገባ መግባቱን ስላላወቀ ደግሞ ያስገባዋል፤ ፕሮግራሙም ሁለቱንም ይቀበላል። በእነዚያ ሌሊቶች ሁሉ የእኛ ፍተሻ አረንጓዴ ነበር።

4ኛ/ የክሽፈቱ ምክንያቶች

ሀ/ ትክክለኛውን መልስ አለመጠየቅ። ፍተሻውን የጻፍነው ራሱ ፕሮግራሙ የሰጠውን መልስ እያየን ነበር። ፕሮግራሙ ያለውን ትክክል ብለን ቀዳን፤ ከዚያም ፕሮግራሙ ያንኑ መድገሙን አረጋገጥን። ይህ ተማሪን በራሱ የመልስ ወረቀት እንደ ማረም ነው። ትክክለኛው መልስ የነበረው በጸሐፊው መዝገብና በጸሐፊው ራስ ውስጥ ሲሆን፣ እርሱን የጠየቅነው ስለ ቁልፉ ቃል እንጂ ስለ ሒሳቡ አልነበረም።

ለ/ ከባዕድ የተዋሰ ምሳሌ። የፍተሻችን ቀኖች ሁሉ ከጳጉሜ ውጭ ይወድቁ ነበር፤ ምክንያቱም የጻፍናቸው የዕለቱን ቀን እያስገባን ነው። የቀኑን ሕግም የቀዳነው ባለ 12 ወር አቆጣጠር ካለው ምሳሌ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ የተማረ ልጅ፣ ጳጉሜ በተራው ዓመት 5፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ 6 ቀን እንደምትሆን ሳይቸገር ይነግረናል። ይህን ዕውቀት በደጃችን ትተን ከሩቅ ተዋስን።

በስምም ላይ እንደዚሁ ነው። በአገራችን የሰው ስም ከአባት ስም ጋር ይጠራል እንጂ የቤተሰብ ስም የለም፤ በአንድ ቀበሌ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት አባሎች ማግኘት ቀላል ነው። በፊደልም በኩል ኮምፒዩተር «ዓለሙ»ንና «አለሙ»ን የተለያዩ ስሞች አድርጎ ይቆጥራል፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታልና። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ ጸና ፀም እንዲሁ ናቸው። የፍተሻችን አባሎች ግን ሁሉም የተለያየ ስም የነበራቸውና በአንድ ዓይነት ፊደል የተጻፉ ነበሩ።

ይህ ዓይነቱ ጥፋት የድኻ አገር ተማሪዎች ጥፋት ብቻ አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት ከተነሣች ከ40 ሰከንድ ያህል በኋላ በአየር ላይ ፈነዳች። በአሪያን 4 ላይ በደኅና ይሠራ የነበረው የአቅጣጫ ፕሮግራም ወደ አዲሲቱ ተዛውሮ ነበር። አዲሲቱ ፈጣን ስለ ነበረች የወደ ጎን ፍጥነቷን የሚገልጸው ቁጥር እስከ 32,767 ብቻ ከሚይዘው ቦታ በላይ ሆነ፤ ፕሮግራሙም ሥራውን አቆመ። ያ ክፍል በአዲሲቱ ሮኬት የበረራ መረጃ አልተፈተሸም ነበር።

ሐ/ ሁሉን በስክሪን በኩል መፈተሽ። ስክሪን በየጊዜው የሚለዋወጥ የፕሮግራም ክፍል ነው። ማይክ ኮን በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ፍተሻን በፒራሚድ መስሎ አሳይቷል፤ ከታች ሰፊ ሆኖ የሚቀመጠው የትንንሽ ክፍሎች ፍተሻ፣ ከላይ ጠባብ ሆኖ የሚቀመጠው የስክሪን ፍተሻ ነው። እኛ ፒራሚዱን ገልብጠን በጫፉ አቆምነው። ወለድን ለመፈተሽ የወለዱን ስሌት በቀጥታ መጠየቅ ሲቻል፣ በአምስት ቁልፍ አልፈን ስለምንደርስበት፣ ከአምስቱ አንዱ በተነካ ቁጥር የወለዱ ፍተሻ ወደቀ።

መ/ ወላዋይ ፍተሻን መታገሥ። ፕሮግራሙ ሳይለወጥ አንድ ጊዜ የሚያልፍ፣ አንድ ጊዜ የሚወድቅ ፍተሻ ወላዋይ ይባላል። ጉግል የተባለው ኩባንያ በ2016 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጸው፣ ከፍተሻዎቹ 16 በመቶ ያህሉ በተወሰነ ደረጃ ይህ ጠባይ ነበረባቸው። ብዙ ሠራተኛ ያለው ኩባንያ ይህን ለመቆጣጠር የተለየ ዘዴ ሊያበጅ ይችላል፤ ጥቂት ተማሪዎች ግን አይችሉም። ጉዳቱም ጊዜ ማጥፋቱ ብቻ አይደለም። በከንቱ የሚጮኽ ውሻ ባለቤቱን እንደሚያሰንፍ፣ ወላዋይ ፍተሻም ሰውን ቀይ ምልክት እንዲንቅ ያስለምዳል፤ እውነተኛው ቀይ ሲመጣ የሚያምነው አይገኝም።

ሠ/ ባለቤት ማጣት። ፍተሻ አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚተው ነገር አይደለም፤ ፕሮግራሙ ሲለወጥ እርሱም መታደስ አለበት። እኛ ግን ወደ ትምህርታችን ስንመለስ ማን እንደሚያድሰው አልወሰንም ነበር።

5ኛ/ መከላከያው

በሚቀጥለው ክረምት ወደ ፈረስ ቤት ተመልሰን ሥራውን እንደገና ስንጀምር፣ ኮምፒዩተሩን ከመክፈታችን በፊት ከጸሐፊው ጋር መዝገቡን ዘርግተን ተቀመጥን። ያቀረብንለት ጥያቄ፣ «በእነዚህ ዓመታት ግራ ያጋባዎት ሒሳብ የትኛው ነው?» የሚል ነበር። እርሱም አንድ በአንድ አወጣልን፤ በጳጉሜ የከፈለ፣ በአባቱ ስም ልጁ የከፈለለት፣ ስሙ ከሌላ አባል ስም ጋር አንድ የሆነ፣ ከዕዳው በላይ ከፍሎ መልስ ያልወሰደ፣ ሞቶ ወራሾቹ ቁጠባውን የተካፈሉት። የእያንዳንዱ ትክክለኛ መልስ በመዝገቡ ላይ ተጽፎ ነበር። አዲሱ ፍተሻችን ከዚህ ተነሣ። ከዚህ ሥራ ያገኘነውን መመሪያ እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ መሣሪያ ከመምረጥ በፊት ቢሳሳት ሰውን የሚጎዳው ነገር የትኛው እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። ለእኛ ገንዘብ፣ ቀንና ስም ሆኑ። የቀረው በእጅ ቢፈተሽ ይበቃል፤ ሁሉን በአውቶማቲክ ለመሥራት መነሣት ምንም ሳይሠሩ ወደ መቅረት ያደርሳል።

ሁለተኛ፣ የሚጠበቀው መልስ ከፕሮግራሙ ሳይሆን ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ወይም ከታመነ መዝገብ መምጣት አለበት።

ሦስተኛ፣ ስሌትን በስሌቱ ደረጃ መፈተሽ፣ በስክሪን በኩል ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያልፉ ጥቂት ፍተሻዎችን ብቻ ማስቀረት ይገባል።

አራተኛ፣ የአገሩ ችግር በፍተሻው ውስጥ ሊገባ ይገባል። እኛ በምዝገባ መካከል ፕሮግራሙን ሆን ብሎ የሚያቋርጥና እንደገና አስነሥቶ ክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ መመዝገቡን የሚጠይቅ ፍተሻ ጻፍን። ለእያንዳንዱ ክፍያ የደረሰኙን ቁጥር መለያ ስላደረግንለት፣ ያው ደረሰኝ ሁለተኛ ሲመጣ ፕሮግራሙ አይቀበለውም።

አምስተኛ፣ ወላዋይ ፍተሻ በተገኘ ጊዜ ከዋናው ዝርዝር ወጥቶ በተወሰነ ቀን ውስጥ መታረም፣ ካልታረመም መሰረዝ አለበት። በዋናው ዝርዝር ላይ ቀይ ከታየ ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ ለውጥ ወደ ሥራ አይገባም።

ስድስተኛ፣ ፍተሻውን ራሱን መፈተሽ ይገባል። ይህም ፕሮግራሙን ሆን ብሎ አበላሽቶ፣ ለምሳሌ 12 በመቶ የሚለውን 13 አድርጎ፣ ፍተሻው መውደቁን ማየት ነው። ካልወደቀ አረንጓዴው ዋጋ የለውም።

ሰባተኛ፣ ባለቤት መሰየም ነው። በእኛ በኩል በየዓመቱ አንድ ነባርና አንድ አዲስ ተማሪ አብረው እንዲይዙት ወስነናል፤ ነባሩ ሲመረቅ አዲሱ ይተካዋል።

መደምደሚያ

አዲሱ የፍተሻ ዝርዝር ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ነው፤ በማስታወቂያ ላይ የሚያኮራ ብዛት የለውም። ሆኖም በቅርቡ ከመካከላችን አንዱ የቀን አቆጣጠሩን ክፍል ሲያሻሽል አንድ ፍተሻ ወደቀ። ምክንያቱን ስንመረምር፣ ጳጉሜን ለሁልጊዜ 5 ቀን አድርጎ ጽፏት አገኘን። ከ2015 ዓ.ም. ቀጥሎ ጳጉሜ 6 የምትውለው በ2019 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ጉድለቱ ሳይታይ ተኝቶ ቆይቶ በዚያች አንዲት ቀን ዕዳውን ሊከፍል በመጣ ሰው ላይ ይወድቅ ነበር። ፍተሻው የጸሐፊውን ቃል ይዞ ስለ ቆየ ጥፋቱ ከእኛ ክፍል ሳይወጣ ታረመ።

ጸሐፊው ዛሬም መዝገቡን መጻፍ አላቆመም፤ እኛም እንዲያቆም አልጠየቅነውም። በየወሩ መጨረሻ መዝገቡንና ኮምፒዩተሩን ያስተያያል፤ ልዩነት ባገኘ ጊዜ ይነግረናል፤ የነገረንም ልዩነት በዚያው ሳምንት አዲስ ፍተሻ ሆኖ ይገባል። ተመሳሳይ ሥራ በሌላ ወረዳ የሚጀምሩ ጓደኞቻችን ከዚህ ጽሑፍ የሚጠቅማቸውን ወስደው፣ የጎደለውን ቢያሟሉልንና የተሳሳትነውን ቢያርሙን በደስታ እንቀበላለን።